ብድር የማይመልስ ባልንጀራ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዳባትን ያገኛል። ከዚያም ወደ ፊት ቢሄድ፥ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በስተቀኝ በኩል ደግሞ የስሜን ተራሮች ከፍ ብለው ይታያሉ። አገሩ ደጋ ነው፥ ብርዱም ብርቱ ነው። ሕዝቡ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና ድንች እየዘራ፥ ከብትና በግ እያረባ ይኖራል።

በዚህ አገር ለሥራ ሁሉ ጊዜ አለው፤ ጊዜውም አጭር ነው። የደረሰ ገብስ በቶሎ ያልታጨደ እንደ ሆነ ይረግፋል። በረዶ ቢወርድበትም የዓመቱ ድካም በአንድ ሰዓት ይጠፋል። የአንድ ቤት ጉልበት ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች ጉልበትን የሚበዳደሩበት ሥርዓት አበጁ፤ ስሙም ወንፈል ይባላል።

ወንፈል እንዲህ ነው። 5 ጎረቤቶች ይስማማሉ። ሰኞ አምስቱም የአንዱን እርሻ ያጭዳሉ። ማክሰኞ የሁለተኛውን፥ ረቡዕ የሦስተኛውን ያጭዳሉ፤ እንዲሁ እያደረጉ እስከ ዓርብ የአምስቱንም ይጨርሳሉ። እያንዳንዱ ሰው 5 ቀን ሠራ፤ ለእያንዳንዱም ሰው 5 ሰዎች አንድ አንድ ቀን ሠሩለት። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ማንም በማንም ላይ ዕዳ የለበትም።

ደቦ ግን ከዚህ ጥቂት ይለያል። ደቦ የሚጠራ ሰው ትልቅ ሥራ ያለበት ሰው ነው፤ ወይም ቤት ይሠራል፥ ወይም ሰፊ እርሻ ያሳርማል። ቀኑ ሳይደርስ ጠላ ይጠመቃል፥ እንጀራ ይጋገራል፥ ወጥ ይሠራል። በቀኑም ብዙ ሰው ተሰብስቦ እየዘፈነ ሥራውን ይፈጽማል፤ ባለቤቱም አብልቶና አጠጥቶ፥ አመስግኖ ይሸኛል። እድር ደግሞ አለ። የእድር ሰዎች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከመካከላቸው በአንዱ ቤት ሐዘን የደረሰ እንደ ሆነ ድንኳን ይተክላሉ፥ ይቀብራሉ፥ ሐዘንተኛውንም ያጽናናሉ።

እነዚህ ሁሉ መልካም ሥርዓቶች ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» የሚለው ተረት እውነት መሆኑ በእነርሱ ይታወቃል። ነገር ግን ሦስቱንም በደኅና ብንመረምራቸው አንድ ነገር እናገኛለን። በወንፈል የሚገባ ሰው የሚመልሰው ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ደቦ የሚጠራ ሰው የሚያበላው እህል ሊኖረው ይገባል። በእድር የሚገባ ሰው የሚያዋጣው ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ጉልበትም፥ እህልም፥ ገንዘብም የሌለው ሰውስ እንዴት ይሁን?

እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አለ። ባልዋ የሞተባት ሴት አለች፤ በሬዋን ሸጣ ልጆችዋን መግባለች፥ አሁን የሚያርስላት የለም። ልጆቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ የወረዱበት ሽማግሌ አለ፤ ማጭድ ለመያዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሕመም በአልጋ ላይ የጣለው ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች ወንፈል ግቡ አይባሉም፥ ብድሩን አይመልሱምና። ደቦም አይጠሩም፥ ጠላ የሚጠመቅበት ገብስ የላቸውምና። ባዶ ቤት ይዞ ሰው መጥራት ያሳፍራል። ስለዚህ ዝም ይላሉ፤ እህላቸውም በእርሻው ላይ ይቀራል።

እኔ እንደሚመስለኝ፥ መንደር መልካም ወይም ክፉ መሆኑ የሚታወቀው በሀብታሞቹ ደቦ አይደለም። በሀብታም ደቦ ላይ ሰው ሞልቶ ይተርፋል። መንደር የሚታወቀው ብድር መመለስ በማይችለው ሰው እርሻ ላይ ነው። የመበለቲቱ ገብስ በጊዜው የታጨደ እንደ ሆነ በዚያ መንደር ሰው አለ ማለት ነው። እርስዋን ትቶ ሁሉም የራሱን የከመረ እንደ ሆነ ግን፥ በዚያ መንደር ብዙ ቤት አለ እንጂ ብዙ ጎረቤት የለም።

ይህን የምለው የአገራችን ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ስለማያውቅ አይደለም። ያውቃል፤ ያውም በሚያስደንቅ አኳኋን ያውቃል። ሦስት ምስክሮች አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ምስክር ቃሬዛ ነው። በስሜን ግርጌ ካሉት መንደሮች ብዙዎቹ መኪና ከሚደርስበት መንገድ የራቁ ናቸው። ምጥ የጠናባት ሴት ወይም ክፉኛ የታመመ ሰው ሲኖር ጎረቤቶች እንጨት አጋድመው ቃሬዛ ያበጃሉ፤ በሽተኛውንም አስተኝተው በትከሻቸው ይሸከማሉ። ዳገቱን ይወጣሉ፥ ወንዙን ይሻገራሉ። የደከመው ሲወርድ ሌላው ይተካል። «ይህች ሴት የማን ወገን ናት? ነገስ ምን ትመልስልኛለች?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እርግጥ ነው፥ የተሸከመው ሁሉ «ነገ በእኔም ይደርሳል» ብሎ በልቡ ያስባል። ይህም አንድ ዓይነት ብድር ነው፤ ነገር ግን ማንም የማይቆጥረው ብድር ነው።

ሁለተኛው ምስክር የስሜን ተራራ እሳት ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978፥ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በዚያ ዓመት በመጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ስፍራዎች አንዱ እርሱ ነበረ፤ ከአገራችን ላሊበላም አብሮ ተመዝግቧል። ዋልያ የሚባለው የዱር እንስሳ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር በሌላ ዱር አይገኝም። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም በዚያ ይኖራሉ። በከፍታው ላይ ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር፥ አስታ የሚባለው ዛፍና ጅብራ ይበቅላሉ።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በዚህ ፓርክ ውስጥ እሳት ተነሣ። ወራቱ በጋ ስለ ነበረ ሣሩ ደርቆ ነበር፥ ነፋሱም ያራግበው ነበር። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላም እንደገና ተነሣ። ያን ጊዜ ከደባርቅና በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች ብዙ ሰው ወደ ተራራው ወጣ። እርጥብ ቅጠል የያዘ እሳቱን ይመታ ነበር፤ አካፋና ዶማ የያዘ አፈር ይበትንበት ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤልም እሳት ማጥፋት የሚያውቁ ሰዎች መጡ። ነገር ግን ከሩቅ አገር ርዳታ እስኪደርስ ድረስ ከእሳቱ ጋር የታገለው በአቅራቢያው ያለው ሕዝብ ነበረ።

ልጆች ሆይ፥ ይህን አስቡ። ለማን ሲሉ ወጡ? ዋልያ ወንፈል አይመልስም። ጭላዳ የማንንም ገብስ አያጭድም። ተራራውም ደቦ ጠርቶ ጠላ አላጠጣም። እርግጥ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ለመንደሮች ሁሉ ይጠቅማል፤ ተራራውን ለማየት የሚመጣው እንግዳም ለመንገድ መሪውና ለባለ በቅሎው እንጀራ ይሰጣል። ነገር ግን እሳቱን ያጠፋው ሰው ሁሉ መንገድ መሪ አይደለም፥ ባለ በቅሎም አይደለም። ብዙዎቹ ከእሳቱ ጋር የታገሉት ምንም ነገር ለራሳቸው እንደማያገኙ እያወቁ ነው።

ሦስተኛው ምስክር በጣም የሚያሳዝን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን አገራችን ጦርነት በነበረ ጊዜ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሸሹ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም አልያዙም ነበር። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ልጆች ይማሩበት በነበረው ክፍል እናቶች ከሕፃናት ጋር አደሩ። የከተማው ሰው እንጀራ አመጣ፥ ልብስ አመጣ፥ አንዳንዱም በቤቱ አሳደረ። የተፈናቀለ ሰው ብድር አይመልስም። እርሻው በሩቅ ነው፥ ከብቱ ጠፍቷል፥ ወደ አገሩ የሚመለስበትንም ቀን አያውቅም። ቢሆንም የተቀበሉት ሰዎች ይህን እያወቁ ተቀበሉት።

እንግዲህ የምንሠራውን እናውቃለን። ጉድለታችን ሌላ ነው። እሳት ሲነሣ እንሮጣለን፤ ጩኸት ሲሰማ እንወጣለን፤ ስደተኛ በመጣበት በመጀመሪያው ሳምንት እጃችን ይዘረጋል። ነገር ግን ስደተኛው በሁለተኛው ወር ደግሞ ይርበዋል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ሰው ያንሳል። መበለቲቱም እሳት አልተነሣባትም፥ አትጮኽም፤ ችግርዋ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነውና አይታይም። ለሚጮኽ መከራ ብዙ ረዳት አለ፤ ዝም ላለ መከራ ግን ጥቂት ነው። እኔ የምናገረው ስለዚህ ዝም ስላለው ነው።

በሌላ አገርም ይህን አስቀድመው አስበው ሥርዓት የሠሩለት ሰዎች አሉ። በእንግሊዝና በአየርላንድ የባሕር ዳርቻ መንደሮች ሰው ከባሕር የሚያወጡ ጀልባዎች አሉ። ይህን ሥራ የሚመራው ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም አለ። ጀልባውን ይዘው የሚወጡት አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ነው፥ አንዱ ባለ ሱቅ ነው፥ አንዷ አስተማሪ ናት። የጥሪው ምልክት በተሰማ ጊዜ፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ሥራቸውንና እንቅልፋቸውን ትተው ይሮጣሉ። የሚሰምጠው ሰው የሌላ አገር መርከበኛ ሊሆን ይችላል፤ ዳግመኛም አያዩትም ይሆናል። ስለ ማዳናቸውም ዋጋ አይጠይቁትም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ማዕበል ሲነሣ ብቻ አይሰበሰቡም። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀንም ይለማመዳሉ፥ ጀልባውንም ያበጃሉ። በመከራ ቀን የደረሱት በደኅና ቀን ስለ ተዘጋጁ ነው።

ይህን ሐሳብ የማይወድድ ሰው ሦስት ነገር ሊናገር ይችላል፤ ለሦስቱም መልስ አለ።

መጀመሪያ፥ «እንዲህ ከሆነ ሰነፍ ሁሉ ተቀምጦ ይበላል» ይላል። ሰነፍ በእውነት አለ። ነገር ግን ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ያውቃል። መሥራት ያልቻለውንና መሥራት ያልወደደውን መለየት ለዳኛ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል፤ ለመንደር ሰው ግን አያስቸግርም። ስለ አንድ ሰነፍ ብለን አሥር ደካሞችን መተው ስለ አንድ ነቀዝ ጎተራውን ሁሉ እንደ ማቃጠል ነው።

ሁለተኛ፥ «የራሴ እርሻ ሳይታጨድ የሌላውን ባጭድ ልጆቼ ይራባሉ» ይላል። ይህ ደኅና ነገር ነው፤ ማንም ልጆቹን አስርቦ ሌላውን ይርዳ አንልም። ነገር ግን ወደ ሒሳባችን እንመለስ። እነዚያ 5 ጎረቤቶች ከሰኞ እስከ ዓርብ የራሳቸውን ጨርሰው ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ አምስቱም ወደ መበለቲቱ እርሻ ቢሄዱ፥ ለእያንዳንዱ የሚጨመርበት ሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። እርስዋ ብቻዋን ብታጭደው ግን ብዙ ቀን ይፈጅባታል፥ እስከዚያም እህሉ ይረግፋል። ለአምስቱ የአንድ ቀን ድካም የሆነው ለእርስዋ የዓመት ምግብ ነው።

ሦስተኛ፥ «መንግሥት አለ፤ ድኻን መርዳት የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። እውነት ነው፥ መንገድና ሐኪም ቤት መሥራት፥ በረኃብ ዘመን እህል ማድረስ ለመንደር ጉልበት ከባድ ነው፤ ይህን መንግሥት ሊያደርገው ይገባል። ነገር ግን በመንደሩ ዳር ካለችው ጎጆ ዛሬ ማታ ጭስ እንዳልወጣ በጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ሹም እንዴት ያውቃል? ይህን የሚያይ ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ከሆነ፥ የምመክረው ትንሽ ነገር ነው። በወንፈል የተስማሙ ሰዎች ሁሉ ተራቸውን በሚያወጡበት ቀን አንድ ተራ ይጨምሩ፤ ያም ተራ ብድር ለማይመልስ ሰው ይሁን። አስቀድሞ በተራው የተቈጠረ ሥራ አይረሳም። በጎ አሳብ ብቻ ሆኖ የቀረ ግን አጨዳ ሲደርስ ይረሳል።

ደግሞ ስንረዳ እንዳናሳፍር እንጠንቀቅ። ለደካማ ሰው ልንሠራ ስንሄድ ስንቃችንን ይዘን እንሂድ፤ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ባለ ቤቲቱ ጠላ የለኝም ብላ እንዳትጨነቅ፥ «ስንቅ ይዘናል፥ ውሃ ብቻ ስጪን» እንበላት። የሠራነውንም በገበያ አናውራ፤ ወሬው ወደ ጆሮዋ ሲደርስ ገብሱ ይመርራታልና። እርስዋም አንድ ነገር ልታደርግ ብትወድ አንከልክላት። የአጫጆቹን ሕፃናት ትጠብቅ ይሆናል፥ የተሰጣውን እህል ከወፍ ትጠብቅ ይሆናል። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው ልቡ ይሰበራል። ትንሽም ብትሆን የሚሰጣት ነገር ያለው ሰው ግን ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

«እኛ ልጆች ነን፤ ምን እናደርጋለን?» ትሉ ይሆናል። እናንተም የምታደርጉት አለ። ውሃ ስትቀዱ ጉልበት ለሌላት አሮጊት አንድ እንስራ ጨምራችሁ ቅዱ። ማንበብ ስትችሉ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ደብዳቤውን ወይም በስልኩ የመጣለትን መልእክት አንብቡለት፤ ያነበባችሁትንም ለሌላ አትንገሩ። በበጋ ከብት ስትጠብቁ ብርድ ቢይዛችሁና እሳት ብታነዱ፥ ሳታጠፉት ወዲያ አትሂዱ፤ በውሃ አጥፍታችሁ፥ ትኩሳቱንም በእጃችሁ ዳስሳችሁ ሂዱ። አንድ ሺህ ሰው ወጥቶ ከሚያጠፋው እሳት አንድ ልጅ የማያስነሣው እሳት ይሻላል። ቤቱን ትቶ የመጣ ልጅ በክፍላችሁ ቢገባ ወንበራችሁን አካፍሉት፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በሁለተኛውም ወር አካፍሉት።

ብድር ለሚመልስ ሰው መሥራት ብልኅነት ነው፤ ብልኅነትም ያስፈልጋል፥ ያለ እርሱ እህል አይሰበሰብምና ወንፈልን አትተዉ። ነገር ግን ብልኅነት ብቻውን መንደርን አያቆምም። ጉልበታችን አንድ ቀን ያልቃል፤ እኛም በተራችን ብድር የማንመልስ እንሆናለን። ያን ጊዜ ወደ እርሻችን የሚመጡት ዛሬ ይህን ሥርዓት ያዩና የተማሩ ልጆች ናቸው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በመንገዳችሁ ያሉትን ጎጆዎች ተመልከቱ። ጭስ የማይወጣበት ቤት ያያችሁ እንደ ሆነ ለእናታችሁ ንገሩ።